ማረሻውን ተቀብሎ ሠሪውን መናቅ

በአየርላንድ ገጠር የቀጥቃጭ ቤት የመንደሩ ሸንጎ ነበር። ገበሬው ለፈረሱ ኮቴ ብረት ሊያስመታ፣ ማረሻውን ሊያሠራ ይመጣል፤ ተራው እስኪደርስም እሳቱን ከቦ ስለ ገበያውና ስለ መሬቱ ኪራይ ይነጋገራል። የጥንቱ የአገሩ ሕግ ቀጥቃጩን ከባለሙያዎች ተራ አስገብቶ የክብር ዋጋ ቆርጦለት ነበር። በ1798 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ሲነሣ ጦር የሠራለት ይኸው ቀጥቃጭ ነው፤ ወታደሮቹም ይህን ስላወቁ ቀጥቃጮችን ገረፉ፤ ቤታቸውንም አቃጠሉ።

አንዳንድ ወገኖቻችን «እነርሱ ቀጥቃጭን አይፈሩም፤ የእኛ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ይፈራል» ይሉናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በቅዱስ ፓትሪክ ስም የሚጠራው ጥንታዊ ጸሎት ከቀጥቃጮች ድግምት መጠበቅን ይለምናል። የጋለ ብረት የተነከረበት ውሃም ኪንታሮት ያድናል ተብሎ ይታመን ነበር። እሳትና ብረት የሚገዛ ሰው በዚያም ያስፈራ ነበር። ነገር ግን ፍርሃቱ በዚያ ከአክብሮት ጋር ሲኖር፣ በእኛ አገር «ቡዳ» የሚል ስድብ፣ የጋብቻ ክልከላና የርስት መነፈግ ወለደ። አጉል እምነቱ የባለርስቱ ጥቅም ዘበኛ ሆኖ ኖረ ማለት ነው።

አዋጅ ብቻውን አልበቃም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ በ1967 ዓ.ም. አዋጅም የርስት ሥርዓት ቀረ። ስድቡ ግን ከየመንደሩ ገና አልጠፋም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ወደ 50,000 የሚጠጉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሽማግሌዎችን እየጠየቁ የአካባቢያቸውን ባህል ሲጽፉ፣ የቀጥቃጭ ቤት አንዱ ርእስ ነበር። ኋላ ትራክተር ፈረሱን ሲተካ ቤቶቹ በብዛት ተዘጉ፤ ወሬያቸው ግን በልጆቹ ደብተር ተርፏል።

በአገር ቤት ያላችሁ ተማሪዎች ሆይ፣ የእኛም ወናፍ ዝም ከማለቱ በፊት ወደ ቀጥቃጩ ሂዱ። ብረቱን እንዴት እንደሚያግል፣ ሙያውን ከማን እንደ ወረሰ ጠይቁት፤ ስሙንም በክብር ጻፉ። እኛም በውጭ ያለነው በየስብሰባው ስለ ሠራተኛ ክብር እየተናገርን፣ ዘመዶቻችን ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር መጋባትን ሲከለክሉ ዝም ካልን ንግግራችን ከንቱ ነው። ትግሉ ከየቤታችን ይጀመር!