ሴታ ሴት አይጻፍልኝ

ወንድ የሚወድ ወንድ ሴታ ሴት የሆነ መሰሉን ሲንቅ ሳይ ደሜ ይፈላል። ንቀቱ እንኳ አይደበቅም። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ወንዶች በሚተዋወቁባቸው የስልክ አፖች ላይ፣ ዕድሜና ቁመት ከሚሞላበት ቦታ ዝቅ ብሎ «ወንድ ወንድ የሚሸት ብቻ»፣ «ሴታ ሴት አይጻፍልኝ» ተብሎ በገሃድ ይሰፍራል። ከእነዚህ አፖች ስመ ጥሩው ግራይንደር ሥራ የጀመረው በ2009 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ታሪኩም የነሱ ነው)። በ2018 ኩባንያው ራሱ ደንበኞቹ በዘር፣ በውፍረትና በሴታ ሴትነት መናናቃቸውን እንዲተዉ ዘመቻ እስከ መክፈት ደረሰ። ጽሑፉን ግን ዛሬም አነበዋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙያውን የለመድኩት መርካቶ ነው። ወንድ ነው የምወደው፤ ስሜን ከዚህ ጽሑፍ ላይ ያስቀረሁት እናቴ አገር ቤት በሕይወት ስላለች ነው። የወንጀል ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996 (ይህኛው ዓመት በኛ ነው)፣ በአንቀጽ 629 በሚከለክለው ጉዳይ ልጇ ጋዜጣ ላይ ወጣ ተብሎ ጎረቤት እንዲጠቋቆምባት አልፈልግም።

ስለ ወንድነት ያወቅሁትን ያወቅሁት ከመስታወቴ ፊት ነው። ሱሪው ዳሌው ላይ ቢጣበቅ ግድ የማይሰጠው ሚስት ያለው ደንበኛዬ ነው። የሚጨነቀው ወንድ ወዳዱ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎ እዚህ ጋ ሰፋ ያድርጉልኝ፣ ሴታ ሴት እንዳያስመስለኝ» ይለኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሲያወራ እጁ ሲወዛወዝ ያገኘውና ቶሎ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ሜትሬን ይዤ እንደተንበረከክሁ «ማን እንዳያይህ ነው?» ብለው መልስ የለውም።

ይህ ጭንቀት ትናንት አልመጣም። ከዚሁ ከተማ ልጀምር። ፍራንክ ካሜኒ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር፤ ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን ይዞ በጦር ሠራዊቱ የካርታ አገልግሎት የተቀጠረ። በ1957 ወንድ ወዳድ ነው ተብሎ ተባረረ። ኤፕሪል 17 ቀን 1965 ከአሥር ያህል ሰዎች ጋር ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ሰልፍ ወጣ። ሰልፈኞቹም ሕግ ነበራቸው፦ ወንዱ ኮትና ክራባት፣ ሴቷ ቀሚስ። ብልሃቱ ይገባኛል። «በሽተኞች» የተባሉትን ሰዎች ነገ ቢሮ የሚገቡ አስመስሎ አቀረባቸው፤ የሚጠይቁትም ሥራ ነበርና። ፎቶዎቹን ባየሁ ቁጥር የኮቶቹ አቀማመጥ ደስ ይለኛል። ያ ሕግ ግን አንድ ሰው ደጅ አስቀርቷል፤ ክራባት ቢያስሩለትም አንገቱን ሲያዞር የሚታወቅበትን። ከ1965 እስከ 1969 በየዓመቱ ጁላይ 4 ፊላዴልፊያ ላይ በሚደረገው ሰልፍም ሕጉ ያው ነበር። በመጨረሻው ዓመት ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሰለፉ ካሜኒ ሄዶ እጃቸውን አላቀቀ።

ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ኒውዮርክ ውስጥ ክሪስቶፈር ጎዳና ላይ ስቶንዎል የተባለው መጠጥ ቤት በፖሊስ ሲወረር ሕዝቡ እምቢ ብሎ ነበር። ማን ቀድሞ እጁን እንዳነሣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከእምቢ ባዮቹ መካከል መደበቅ የማይሆንላቸው፣ የተኳሉትና ጎዳና የሚያድሩት ወጣቶች እንደነበሩ ግን አያከራክርም፤ ማርሻ ፒ. ጆንሰን ከእነሱ አንዷ ናት። በ1973፣ የዚያው አመጽ መታሰቢያ ላይ፣ የማርሻ የትግል ጓደኛ ሲልቪያ ሪቬራ እስር ቤት ስለሚማቅቁት መሰሎቿ ልትናገር መድረክ ስትወጣ ጮኾ ያዋረዳት ፖሊስ አልነበረም። የራሷ ሰዎች ነበሩ።

በዚያው ዘመን ሳን ፍራንሲስኮ፣ ካስትሮ ሰፈር፣ ሌላ ፋሽን ወጣ። ሊቫይስ 501 ጂንስ፣ ወፈር ያለ ካሬ ካሬ ሸሚዝ፣ ከባድ ቦት ጫማ፣ ሪዝ። እንጨት ፈልጦ የማያውቅ የቢሮ ሰው እንጨት ፈላጭ መስሎ ወጣ። አልፈርድባቸውም፤ ልጅነታቸውን ሲሰደቡ ያሳለፉ ሰዎች «እኛም ወንዶች ነን» ማለታቸው ነበር፣ ደግሞም ያምርባቸዋል። ሲቆይ ግን የደንብ ልብስ ሆነ፤ ያላደረገው ወይም የማይሆንለት ከዳር ቀረ።

ነገሩን ከሥሩ የሚያሳየኝ የታሪክ ተመራማሪው ጆርጅ ቾንሲ በ1994 ስለ ቀድሞዋ ኒውዮርክ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሠራተኛው ሰፈር ከተኳለ ወንድ ጋር የሚተኛ መርከበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ፣ ራሱ ወንድ ወንድ እስከ ሸተተ ድረስ የተለየ ስም አይወጣለትም ነበር። ስሙንም፣ ስድቡንም፣ ዱላውንም ብቻውን የሚሸከመው ሴታ ሴቱ ነው። ሁለት ሰው የበላበትን ሂሳብ አንዱ ይከፍላል።

የኛም ቤት ከዚህ አይለይም። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ክርስትና ወይም ሰርግ ላይ እጁን እያወናጨፈ የሚያወራ፣ ሳቁ ቀጠን ያለ አንድ ልጅ አይጠፋም። ቀልዱ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ወንድ ይውደድ ሴት የጠየቀው የለም፤ ሚስትና ልጅ ሊኖረውም ይችላል። ከሁሉ በላይ ጮኾ የሚስቀው ደግሞ ጢሙን ያሳደገው፣ ድምፁ ጎርናናው፣ ማታ ማታ አፑ ላይ ፊቱን ቆርጦ ደረቱን ብቻ የሚለጥፈው ነው። ደረቱን አውቀዋለሁ፤ ኮቱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። (ያው ጎርናና ትንሽ ቆይቶ ትከሻውን እየሰበቀ እስክስታ ይወርዳል። አዲስ አበባ ሳለ ከጓደኛው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ፒያሳን ሲዞር ዘወር ብሎ ያየው አልነበረም። ደለስ አየር ማረፊያ ሲደርስ ለቀቀ።)

«ምርጫ ነው» ይሉኛል። ምርጫስ ነው። እኔም የምወደው መዳፉ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም ሰው ነው፤ የምኖረውም ከእንደዚያ ያለ ሰው ጋር ነው። ልብን ማን ያዝዘዋል? ምርጫ ያለው ሰው ግን የሚወደውን ይናገራል፤ የማይወደውን መሳደብ ምን አመጣው? ረጅም ሰው የሚወድ «አጭር አይጻፍልኝ፣ አጭር ያስጠላኛል» ብሎ ቢጽፍ ባለጌ እንለዋለን። ሴታ ሴቱ ላይ ሲሆን ብልግናው ይቀርና ጣዕም ይባላል።

ፍርሃትም አለ። እሱን አከብራለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ዕድሩ አለ፣ አገር ቤት ያለው ቤተሰብ አለ። የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ያላለቀለት ልጅ፣ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት አብሮት የሚገባው ሰው ዓይን እንዳይስብበት ቢመኝ እንዴት ብዬ እፈርድበታለሁ? «እፈራለሁ» ይበለኝ፣ ሻይ አፍልቼ አብሬው እፈራለሁ። የምጣላው ፍርሃቱን ጀግንነት አልብሶ፣ መደበቅ ያልቻለውን ሰው እንደ ርካሽ ሲቆጥረው ነው። ያ ልጅ እኮ እየፈራም ይወጣል። መንገድ ላይ የሚሰደበው እሱ ነው፤ ሌላው ከጎኑ ሲያልፍ ማንም ልብ የማይለው፣ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ስለሆነ ነው።

ጥቅምት ሲገባ ሱቄ ቀሚስ በቀሚስ ይሆናል። በ1986 በተጀመረ ልማድ፣ ከሃሎዊን በፊት ባለው ማክሰኞ ማታ፣ ዱፖንት ሰርክል አጠገብ አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ፣ ቀሚስ የለበሱ ወንዶች በባለተረከዝ ጫማ ይሽቀዳደማሉ። መንገዱ ይዘጋል፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ ያጨበጭባል። የሴት ቀሚስ ለወንድ ማስተካከል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ትከሻው ይጠባል፣ ዳሌው ይንዘላዘላል። ጀርባውን ፈትቼ ጨርቅ እጨምራለሁ፣ ደረቱን በስፖንጅ እሞላለሁ፤ ከጉልበቱ በላይ ካልቀደድሁለት ደግሞ እንኳን ሊሮጥ ሊራመድም አይችልም። ከሚያጨበጭቡት መካከል ከአፑ የማውቃቸው አሉ። ቀሚስ ለባሾቹን አቅፈው ፎቶ ይነሣሉ። ረቡዕ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ጽሑፋቸው እንደነበረ አለ። ማክሰኞ ማታ ጨዋታ ስለሆነ የተጨበጨበለት ሴታ ሴትነት ረቡዕ የአንድ ሰው ድምፅና አረማመድ ሲሆን ያስጠላቸዋል።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው «አንተማ ትከራከርላቸዋለህ፣ ገበያህ ናቸው» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ቀሚስ የሚያሰፉት ቀድመው ይከፍላሉ። በሂሳብ የሚጨቃጨቁኝ ሱሪ የሚያሰፉት ናቸው።