የመድኃኒት ዕፅዋት ምርመራ ከአርሶ አደሩ ጎተራ ይጀምር

በሰሜን ወሎ ዞን የሀብሩ ወረዳ አርሶ አደር ማሾውን ወቅቶ ጎተራ ሲያስገባ ድካሙ ያበቃ ይመስላል። ከዝናብ መቆራረጥና ከማሳ ተባይ የተረፈውን ምርት ግን ጎተራ ውስጥ ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል። ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ ፍሬው ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ይታያል፤ ጆንያው ሲነቀነቅ ዱቄት ይበናል። ነቀዝ ገብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የገበሬው ምርጫ ሁለት ይሆናል፤ ወይ ምርት ገበያውን ባጥለቀለቀበት ወቅት ባገኘው ዋጋ ሸጦ መገላገል፣ ወይ ከገበያ ክኒን ገዝቶ ጆንያው ውስጥ መጨመር።

ይህ ክኒን ፎስፊን የተባለ ጋዝ የሚያመነጭ ነው። ጋዙ ነቀዙን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ሰውንም ይገድላል። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ መጠቀም የሌለበትም ለዚህ ነው። ጎተራውና መኝታው በአንድ ጣሪያ ሥር ለሆነ ቤተሰብ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ ሊፈጸም የማይችል ምክር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በወልድያና በመርሳ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ምርመራ ሲነሳ ጉዳዩ የመምህራንና የተመራቂ ተማሪዎች የወረቀት ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የአርሶ አደሩ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ድረስ የሚገባ ጉዳይ ነው።

አካባቢው የዕፅዋት ድሃ አይደለም። እንዶዱ፣ ግራዋው፣ ጤና አዳሙ፣ ዳማ ከሴው በየጓሮውና በየአጥሩ አለ። ኒም በቆላማው የዞኑ ክፍል ለጥላ ተብሎ ተተክሏል፤ ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ ኮሶው ይገኛል። በአጎራባቹ ጉባላፍቶ ወረዳ ተካሂዶ እ.አ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ብቻ ሰዎች ለሕክምና የሚጠቀሙባቸውን ከ100 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶች መዝግቧል። መመዝገቡ መልካም ነው፤ ዕውቀቱን የያዙት አዛውንት ሲያልፉ አብሮ የሚቀበረው ብዙ ነውና። ሆኖም ስም ዝርዝር መድኃኒት አይሆንም። የትኛው ክፍል፣ በምን ያህል መጠን፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ጉዳት የሚለው ካልተመለሰ አርሶ አደሩ ከአያቱ የሰማውን ከመድገም የተሻለ ነገር አያገኝም።

በየዩኒቨርሲቲው የሚደረገው ምርመራ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፤ ይፈጫል፤ በሜታኖል ወይም በኤታኖል ይዘፈዘፋል፤ ይጣራል፤ ፈሳሹ ሲተን ወፈር ያለ ጭማቂ ይቀራል። ቀጥሎ በጭማቂው ውስጥ ምን ዓይነት ንጥረ ነገር እንዳለ ይፈተሻል። በውኃ ተንጦ አረፋው ቶሎ ካልጠፋ ሳፖኒን አለው ይባላል። የብረት ክሎራይድ ጠብ ሲደረግበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ወደ ጥቁር አረንጓዴ ከተለወጠ ታኒን አለው ይባላል። ከዚያም ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ይቀመጥና በዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ በሚሊ ሜትር ይለካል። ሪፖርቱ ይጻፋል፤ ተማሪው ይመረቃል። (የአረፋውን ፈተና የሀብሩ እናቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ነጠላ ሲያጥቡ ዘወትር ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ስሙን ሳፖኒን አላሉትም እንጂ።)

እስከዚህ ያለው ሥራ አስፈላጊ ነው፤ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። የመጀመሪያው ችግር አርሶ አደሩ ሜታኖል የሌለው መሆኑ ነው። እሱ ያለው ውኃ ነው፤ ወቅጦ ይዘፈዝፋል ወይም ያፈላል። ሜታኖል ከቅጠሉ የሚያወጣውን ንጥረ ነገር ውኃ ላያወጣው ይችላል፤ ወይም ሙቀቱ ሊያጠፋው ይችላል። ይህ ተራ ጉዳይ እንዳልሆነ የቻይናዋ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ ሥራ ያሳያል። ከአርቲሜዥያ ተክል የወባ መድኃኒት ሲፈለግ ጭማቂው አንድ ጊዜ እየሠራ ሌላ ጊዜ እየከሸፈ አስቸገረ። ቱ ዩዩ ከ1,600 ዓመታት በፊት የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ስታገላብጥ ተክሉ በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ የማያዝ መሆኑን አስተዋለች። ሙቀቱን ቀንሳ በኢተር ስታወጣው ሠራ። ዛሬ በሀብሩ ቆላ ጤና ጣቢያዎች ለወባ የሚሰጠው መድኃኒት ከዚያ የመጣ ነው፤ እሷም እ.አ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች። አዘገጃጀቱን የነገራት የጥንት ባለ መድኃኒት ነበር። የእኛም ተመራማሪዎች አዛውንቱን ሲጠይቁ የተክሉን ስም ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚዘፈዝፉት፣ በጧት ይሁን በማታ እንደሚቆርጡት፣ ደረቅ ይሁን እርጥብ እንደሚወቅጡት መጻፍ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሳህን ላይ ባክቴሪያ የገደለ ነገር ሰውንና እንስሳንም ሊጎዳ መቻሉ ነው። ኮሶ የቴፕ ትልን በማስወጣት ለዘመናት አገልግሏል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ያውቁት ነበር። ከልክ ሲያልፍ ግን ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። "ተፈጥሯዊ ነው፤ አይጎዳም" የሚለው አባባል በየገበያው የሚሰማ አደገኛ ማታለያ ነው። የመጠንና የመርዛማነት ምርመራ ያልተደረገበት ጭማቂ በኤክስቴንሽን ባለሙያ አፍ ለአርሶ አደር ሊነገር አይገባም።

ለዚህ ሁሉ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው የራሳችን እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.አ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው የወንዙ ክፍል ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያን ተውሳክ የሚያስተላልፍ ነው። ከፍሬው የተገኘው ሳፖኒን ለማቶክሲን ተባለ፤ ስሙም ከራሳቸው ስም የተወሰደ ነው። እ.አ.አ. ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ በወንዞች በተደረገው የመስክ ሙከራ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተሻሉ የእንዶድ ዓይነቶች ተመረጡ፤ "ዓይነት 44" የተባለው በተለይ ታወቀ። እ.አ.አ. በ1989 ሁለቱ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ታዲያ እንዶድ ዛሬ በየመስኖ ቦዩ ለምን አይታይም? አንዱ ምክንያት ምርመራው ራሱ ነው። አገር ውስጥ የተሠራው የመርዛማነት ምርመራ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ባለው የቤተ ሙከራ አሠራር ካልተደገመ በቂ አይደለም ተባለ። ያንን ለመድገም ገንዘቡም ቤተ ሙከራውም ስላልነበረ ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። በመካከሉ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ዜብራ መስል የተባለውን የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ታየ፤ በዚህ አጠቃቀም ላይም በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ወጣ። እንዶድን ለዘመናት ያወቁትና የጠበቁት ማኅበረሰቦች ድርሻ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራከረ። የአድዋ እናቶች ግን ከዚያ በኋላም ልብሳቸውን ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ለጊራናና ለሌሎች የሀብሩ መስኖ አካባቢዎች ይህ ታሪክ ብቻ አይደለም። መስኖ ባለበት ቀንድ አውጣ አለ። ቀንድ አውጣ ባለበት ደግሞ ቢልሃርዝያ ብቻ ሳይሆን ከብቱንና በጉን የሚያመነምነው የጉበት ትልም ያሰጋል። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል በዘፈቀደ ወንዝ ውስጥ የሚደፋ ነገር አይደለም። በተወሰነ ቦይ፣ በታወቀ መጠን፣ በባለሙያ ክትትል መሞከር ግን ይችላል።

ዞኑ ለዚህ ሥራ ያለው አቀማመጥ ሌላ ቦታ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የግብርና ትምህርቱ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ መርሳ ላይ ነው። በመካከል የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ኬሚስቱ ወልድያ፣ የሰብል ጥበቃ ባለሙያው መርሳ፣ የሙከራ ማሳው ሲሪንቃ፣ ነቀዙ ደግሞ በየቀበሌው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ዩኒቨርሲቲውም ምርምር ማዕከሉም ዝርፊያና ውድመት ደርሶባቸዋል፤ የቤተ ሙከራ መሣሪያ በአንድ ዓመት በጀት አይተካም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የጎደለው መሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውድ መሣሪያ የማይጠይቀው ሥራ እስካሁን በሰፊው በተሠራ ነበር። ሦስቱ አንድ ጥያቄ ይዘው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አለመቀመጣቸው ከመሣሪያው እጦት ያላነሰ ጉዳት አለው።

አንድ ጥያቄ ይዞ መነሳት ምን እንደሚያስገኝ ከአቀንጭራ መማር ይቻላል። የማሽላ ሥር በሚያመነጨው ኬሚካል ምክንያት አፈር ውስጥ ለዓመታት የተኛው የአቀንጭራ ዘር ይነቃል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከባዮኬሚስት ባልደረባቸው ጋር ይህን ኬሚካል በቤተ ሙከራ ተከታተሉ፤ ጥቂት ብቻ የሚያመነጩትን የማሽላ ዓይነቶች መረጡ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ አርሶ አደር የደረሱት በዚያ መንገድ ነው፤ ፕሮፌሰሩም እ.አ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ምርመራው የተጀመረው አቀንጭራ ማሳውን ካነደደበት ገበሬ ችግር ነበር። ቅጠል ሁሉ እየተለቀመ በየተራ ቢፈተሽ ኖሮ እዚያ አይደረስም።

በኒም በኩል አሁን የሚታወቀው እንኳ ለአርሶ አደሩ በአግባቡ አልተነገረም። ብዙ ሰው የሚወቅጠው ቅጠሉን ነው፤ ተባዩን የሚያዳክመው አዛዲራክቲን ግን በብዛት ያለው በፍሬው አስኳል ውስጥ ነው። በህንድ አገር የተለመደው አዘገጃጀት ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የኒም አስኳል በ10 ሊትር ውኃ ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ አጣርቶ፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሮ መርጨት ነው። ንጥረ ነገሩን ፀሐይ በቀናት ውስጥ ስለምታጠፋው የሚረጨው ወደ ማታ ነው። ይህ ለማሳ ተባይ ነው። የሀብሩ ኒም አስኳል ጥንካሬው ከሌላው ጋር እኩል ይሁን አይሁን፣ ጎተራ ውስጥ ማሾን ስንት ወር እንደሚጠብቅ መለካት ደግሞ የመርሳና የሲሪንቃ ሥራ ነው። የብርብራ ፍሬም ሮቲኖን የተባለ መርዝ ስላለው በአገራችን ተመራማሪዎች በነቀዝ ላይ ተፈትኖ ገዳይነቱ ታይቷል። ሆኖም ለዘር ከሚቀመጥ እህል በቀር ለሚበላው ላይ መሞከር የለበትም።

የወረዳ አመራሩ ድርሻ ገንዘብ መመደብ ብቻ አይደለም። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ አጠቃቀም ላይ አስቀድሞ የመስማማትና ከጥቅሙ የመካፈል መብት ሰጥቶታል። ከዚህ በኋላ ጥናት አድራጊ ወደ ቀበሌ ሲመጣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ መሸኘት አይበቃውም። ማን ምን እንደተናገረ፣ የትኛው ተክል ከየት እንደተወሰደ፣ ውጤቱ መቼና በምን ቋንቋ እንደሚመለስ የሚመዘገብበት መዝገብ ያስፈልገዋል። በባለ መድኃኒቱ ዘንድ ዕውቀቱን መደበቅ የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተናግሮ ምንም ተመልሶለት አያውቅም።

መጀመሪያው ትንሽ ሊሆን ይችላል። በሀብሩ ሦስት ቀበሌዎች፣ በየአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ፣ ከአንድ አውድማ የወጣ ማሾ በአራት ይከፈል። አንዱ ምንም ሳይጨመርበት፣ ሁለተኛው በኒም አስኳል ዱቄት፣ ሦስተኛው ለዘር ብቻ ተብሎ በብርብራ ዱቄት፣ አራተኛው አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ፒክስ ከረጢት ይቀመጥ። በየወሩ ከእያንዳንዱ 100 ፍሬ ተቆጥሮ የተበሳው ይመዝገብ፤ የዘሩም ብቅለት ይታይ። ከረጢቱ ዕፅዋቱን ቢያሸንፍ እሱም ውጤት ነው፤ ለአርሶ አደሩ ሳይድበሰበስ ይነገረው። ያሸነፈው ተክል ቢሆን ግን ጭማቂው ወደ ወልድያ ሄዶ ንጥረ ነገሩ ይለይ፤ መርዛማነቱም ይፈተሽ። የመጀመሪያው ቆጠራ ማሾው ከተሰበሰበ በአንድ ወር ውስጥ ሊደረግ ይችላል፤ የሚጠይቀውም አራት ዕቃ፣ አንድ መዝገብና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የግማሽ ቀን ጊዜ ነው።