«ተጓዥስ አይከፍልም?»

አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የሰማኋት ንግግር ከእኔ ጋር ተሳፍራ እስከ ከሚሴ መጣች፤ ይኸው እስከ ዛሬም አልወረደችልኝም። ከአዲስ አበባ የመጡ አምስት ወጣቶች ነበሩ። ዕድሜው ከአሥራ ስምንት የማይዘል የአገሬው ልጅ ከማለዳ ጀምሮ ከፊት ከፊታቸው እየሄደ የግመል ተራውን፣ የፍየል ተራውን፣ ጨውና ቅቤ የሚሸጥበትን ቦታ ሲያሳያቸው አረፈደ። ከአፋሮቹ ጋር በአፋርኛ፣ ከገጠር ከመጡት ጋር በኦሮምኛ እየተነጋገረ ፎቶ አስፈቀደላቸው፤ የአፋሮቹን ጩቤ፣ የጊሌን ዋጋም አስቀነሰላቸው። ቀትር ላይ ሊለያዩ ሲሉ አንገቱን ሰበር አድርጎ የድካሙን ጠየቀ። አንደኛው ወጣት ትከሻውን መታ መታ አደረገና፣ «ወንድሜ፣ እኛ እኮ ቱሪስት አይደለንም፤ ተጓዦች ነን» አለው።

ልጁ ለአፍታ ዝም ብሎ አየውና፣ «ተጓዥስ አይከፍልም?» ሲል ጠየቀ።

የመለሰለት ሰው አልነበረም። አቀፉት፣ አብረውት ፎቶ ተነሡ፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

«ቱሪስት አይደለሁም፣ ተጓዥ ነኝ» ማለት ፋሽን ሆኗል። ድሮ ቦርሳ አዝለው የሚዞሩ ፈረንጆች ነበሩ የሚሉት፤ ዛሬ የእኛዎቹ የእግር ጉዞ ቡድኖች፣ በዩቲዩብ የጉዞ ቪዲዮ የሚለቁት፣ ለእረፍት ከውጭ የሚመጡት ወገኖቻችንም ተቀብለውታል። ቱሪስት መባል እንደ ስድብ ይቆጠራል፤ ተጓዥ መባል እንደ ማዕረግ። ክርክሩን አንባቢ ያውቀዋልና አልደግመውም። እኔ የምይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባቲ ያለው ልጅ የያዘውን። ሂሳቡን።

ቱሪስት የሚባለው ሰው ላሊበላ ሲሄድ ምን ያደርጋል? የመግቢያ ይከፍላል፣ አስጎብኚ ይቀጥራል፣ በቅሎ ይከራያል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ለጠበቀለት ልጅ ይሰጣል፣ ሆቴል ያድራል። ምናልባት የሚያየው ነገር አይገባው ይሆናል። ምናልባት በሦስት ቀን ሁሉንም አይቻለሁ ብሎ ይሄድ ይሆናል። ግን ከፍሎ ይሄዳል። በኮሮና፣ ቀጥሎም በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ቱሪስት ሲጠፋ ላሊበላ ላይ የደረሰውን ሁላችንም አየን፤ አስጎብኚው ሥራ ፈታ፣ ሆቴሉ ተዘጋ፣ በቅሎ አከራዩ የሚበላው አጣ። ያኔ ከላሊበላ ሰዎች አንድም «እንኳን ቱሪስት ቀረ፣ እውነተኛ ተጓዥ ይምጣልን» ያለ አልሰማሁም።

ተጓዥ ነኝ ባዩ ደግሞ የሚኮራው ባለመክፈሉ ነው። የትም በነፃ እንዳደረ፣ አስጎብኚ እንዳልቀጠረ፣ ሻጩን ተከራክሮ በግማሽ ዋጋ እንደገዛ ይተርካል። ወሎ ቤት ያፈራውን ለእንግዳ ያቀርባል፤ «አብሽር፣ ግባ» ይላል፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይፈላል። ይህን ደግነት ተቀብሎ «ከሕዝቡ ጋር ኖርኩ» ብሎ ቪዲዮ የሚሠራበት ሰው የበላው የሰው ዓመት ቀለብ መሆኑን ረስቷል። ወዳጃ ላይ ዱዓ የሚያደርጉ ሽማግሌዎችን እየቀረጸ «ያልተበረዘ ባህል» ብሎ የሚለቅ ሰው የሰውን ጸሎት ለራሱ ተመልካች ማብዣ አድርጎታል። ቱሪስት ይህን ቢያደርግ «አያውቅም» እንለዋለን። ተጓዡ ግን አውቃለሁ፣ ገብቶኛል እያለ ነው የሚያደርገው።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ «የአገር ሰው ዋጋ» የሚሉት ነገር ነው። ባቲ ላይ ቅቤ የምትሸጥ እናት ለጎረቤቷ ዋጋ የምትቀንስበት ምክንያት አላት። ጎረቤቷ በሚቀጥለው ሰኞም ይመጣል። ስትታመም ይጠይቃታል፤ በሬዋ ሲሞትባት ያዋጣላታል፤ ቤቷ ሐዘን ሲገባ ከቅሬው፣ ከዕድሩ ማለት ነው፣ ጋር ወጥቶ ይቀብርላታል። የአገር ሰው ዋጋ ዝቅ ያለው ቀሪው በሌላ መንገድ ስለሚከፈል ነው። ቅሬ ሳያወጣ፣ ሳይቀብር፣ ሳይጠይቅ፣ ነገ አገሩ የሚገባ ሰው የአገር ሰው ዋጋ ሲጠይቅ የማይገባውን እየወሰደ ነው። ሴትየዋ ሃያ ብር ጨምራ ብትጠራበት አጭበረበረችኝ አይበል። እሱ ከዚያች መንደር ግዴታ ሁሉ ነፃ ነው፤ ለነፃነቱ ሃያ ብር ርካሽ ነው።

ሌላዋ ቃላቸው «ያልተነካ» የምትል ናት። ከሚሴ ያልተነካች ከተማ ናት፣ ቱሪስት አልደረሰባትም፣ እኛ አገኘናት ይላሉ። ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዋናው የደሴ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ወደ ሰሜን የሚወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ ያውቃታል። የሰንበቴ እሑድና የባቲ ሰኞ የደጋውን እህልና የቆላውን ጨው፣ ግመልና ፍየል ሲያገናኙ የኖሩ ገበያዎች ናቸው። ባቲማ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር የቅኝት ስም ሆና ሙዚቃ የተማረ ሁሉ ይጠራታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ዘልቆ ገብቶ ነበር። ጦርነት ያለፈባትን ከተማ፣ ልጆቿን የቀበረችን ከተማ «ያልተነካች» ማለት እንዴት ያለ ድፍረት ነው? አልተነካችም ሲሉ እኔን የመሰለ ሰው አልነካትም ማለታቸው ነው።

ቱሪስትንና ተጓዥን መለየት ከየት መጣ? ከእኛ አገር አይደለም። በ1841 እ.ኤ.አ. ቶማስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ ወደ 500 የሚሆኑ ሰዎችን በነፍስ ወከፍ አንድ ሽልንግ አስከፍሎ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወሰደ። ሥራው እየሰፋ ሄደና ጸሐፊውም መምህሩም አገር ማየት ጀመሩ። ጉዞን የግል ርስታቸው ያደረጉት ባለጸጎች በእነዚህ አዳዲስ መንገደኞች ተሳለቁ፤ ቱሪስት የሚለው ቃል የንቀት ቃና የያዘው ያኔ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ዳንኤል ቡርስቲን ይህንኑ ንቀት የሊቅ ልብስ አለበሰው፤ ተጓዥ ይደክማል፣ ቱሪስት ግን ተድላ እስኪመጣለት ይጠብቃል ብሎ ጻፈ። የድሃው ሠራተኛ መምጣት ያበሳጫቸው ሰዎች የፈጠሩትን መለያ የእኛ ልጆች በባቲ ልጅ ላይ ሲጠቀሙበት ማየት ያማል።

መለየት ካስፈለገ ይህ አገር የራሱ ተጓዦች አሉት። በበጋ ቆላው ሲደርቅ አፋሩ ከብቱንና ግመሉን ነድቶ ወደ ጨፋ ይወጣል። ጨፋ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ረግረግ ነው፤ አፋር፣ ኦሮሞ፣ አርጎባና አማራ በክፉ ቀን የሚጠለሉበት። በ2002 እ.ኤ.አ. ድርቅ ወደ 50,000 አርብቶ አደሮችና 200,000 እንስሳት እዚያ መሰብሰባቸውን የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች መዝግበዋል። ግን ሰው ዝም ብሎ ጨፋ አይገባም። ሽማግሌ ከሽማግሌ ይነጋገራል፤ የት እንደሚሰፈር፣ የትኛው ሣር እንደሚበላ፣ የሰው ማሳ ቢረገጥ ምን እንደሚካስ ይወሰናል። ንግግሩ የፈረሰ ጊዜ ደም ይፈሳል። መንገደኛነት እዚህ አገር እንዲህ ነው። ከብቱ በጥም ሊያልቅበት የደረሰ ሰው አስፈቅዶ የሚገባበትን ምድር ካሜራ የያዘ ሰው ተጓዥ ነኝ ብሎ በነፃ ሊገባበት አይችልም።

ሌሎችም ተጓዦች አሉ። ያለ ሆቴል የሚያድሩ፣ ያለ አስጎብኚ የሚሄዱ፣ በእግራቸው የሚጓዙ፣ ነገ የት እንደሚውሉ የማያውቁ። ተጓዥ ነን ባዮቹ እንደ ጀብድ የሚያወሩትን ሁሉ የሚያደርጉ። ከዚህ አካባቢና ከመላው ወሎ ወጥተው በባቲ በኩል ወደ አፋር ወርደው፣ በረሃውን አቋርጠው ጅቡቲ ኦቦክ ደርሰው፣ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄዱ ልጆች ናቸው። እነሱን ማንም ተጓዥ አይላቸውም፤ ስደተኛ ነው የሚላቸው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ደግሞ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሲሻገሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች እንደገደሉ አስፍሯል። ሰው ያለ ዕቅድ መጓዝን እንደ ውበት የሚያወራው በፈለገ ጊዜ ቤቱ መመለስ ሲችል ብቻ ነው።

እና ምን እናድርግ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ቱሪስት ሁኑ። እንግዳ ነን በሉ፤ በኦሮምኛ «ኬሱማ» ይሏችኋል፣ ከዚያ የበለጠ ማዕረግ አያስፈልጋችሁም። አስጎብኚ ቅጠሩ፣ አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሡ፣ የተጠራባችሁን ክፈሉ። ባቲ ያለው ልጅ ሦስት ቋንቋ ያውቃል፤ ግማሽ ቀን አብሯችሁ ቆሟል። ለእሱ የሚገባው መታቀፍ ሳይሆን ደመወዝ ነው።

ያ ልጅ መልስ ሳያገኝ ቀርቷልና እኔ ልመልስለት። ተጓዥ ይከፍላል፣ ወንድሜ። አንተም ታውቀዋለህ፤ እኩዮችህ በዚያው በገበያው መንገድ ወደ አፋር ሲወርዱ አይተሃል። አባት በሬውን ሸጦ ለደላላ ይከፍላል። የመን ላይ ልጁ ሲያዝበት ዘመድ ተበድሮ ማስለቀቂያ ይልካል። አንዳንዱ የከፈለው ሁሉ ሳይበቃ ነፍሱን ይጨምርበታል። ሳይከፍል የሚሄደው የእነዚህን ሁሉ ስም የወሰደባቸው ሰው ነው።