ለቆላው አዋላጅ የሚበጅ ትብብር

የአገራችን አዋላጆች ከሌላው ዓለም ባለሙያዎች ጋር በምርምር ቢተባበሩና ልምድ ቢለዋወጡ ሙያቸው ይዳብራል መባሉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ምርምሩ የሚመልሰው የማንን ጥያቄ እንደ ሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለዚህም ከጎንደር ከተማ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ርቃ በሱዳን ጠረፍ የምትገኘውን መተማን በምሳሌነት እንመልከት።

በመተማና በአካባቢዋ ቆላ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ለመግታት በሰፊው የሚሠራበት መድኃኒት ኦክሲቶሲን ሲሆን፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኀይሉ ይደክማል። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከቆመ፣ አዋላጇ በእጇ የያዘችው መድኃኒት ይሥራ አይሥራ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ደም የሚፈሳት እናት ደግሞ ጊዜ አትሰጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ወደ 30,000 በሚጠጉ ወላዶች ላይ ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ምርምር፣ ሙቀትን የሚቋቋመው ካርቤቶሲን የደም መፍሰስን በመከላከል ረገድ ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ አሳይቷል። በምርምሩ ኬንያና ዩጋንዳ ተካፍለዋል፤ ኢትዮጵያ ግን አልነበረችበትም። ሙቀቱ የሚያስቸግረው ቆላችን ሆኖ ሳለ፣ መልሱን ከሌሎች እጅ መቀበላችን የሚያስቆጭ ነው።

ትብብር ሲባል ደግሞ ዓይናችን ወዲያው ወደ አውሮፓ ያማትራል። ከመተማ ማዶ ግን ጋላባት አለች፤ አልፎም ገዳሪፍ። በዚያም ሙቀቱ፣ ወባው፣ ካላዛሩና የሰሊጥ አጨዳው ያው ነው። በኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን፣ ፊደል ያልቆጠሩት ተማሪዎች መድኃኒቶችን በማሽተትና በመቅመስ ለይተው እንዲያውቁ ይሠለጥኑ ነበር። ጎንደርም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋምላት የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ረድተዋታል። ስለዚህ ከውጭ መማር ለማንኛችንም አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው ከጎረቤት መማር ነው።

ይህም ቢሆን ለካላዛር ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በካርቱም የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የካላዛር ምርምር መድረክ ኢትዮጵያን፣ ሱዳንን፣ ኬንያንና ዩጋንዳን አስተባብሮ፣ 30 ቀን ይወስድ የነበረውን የመርፌ ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን በማጣመር ወደ 17 ቀን አሳጥሯል። በዚህ ሥራ ጎንደርም ተካፋይ ነበረች። ለሰሊጥ አጫጁ በሽታ የተቻለው ለወላዲቱ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

በሱዳን እ.ኤ.አ. በ2023 የተነሣውን ጦርነት በማንሣት፣ ሰላም እስኪሆን ይቆይ የሚል ሰው ይኖራል። በእርግጥ ባለሙያዎች ድንበር እየተሻገሩ እንዲማማሩ ሰላም ያስፈልጋል። ዳሩ ግን ያው ጦርነት በመተማ በኩል ብዙ ስደተኞችን አስገብቷል፤ ከእነርሱም መካከል የእርግዝና ክትትላቸውን በሌላ አገር የጀመሩ ሴቶች አሉ። የክትትል ካርዱን በአማርኛና በዓረብኛ ለማዘጋጀት ሰላምን መጠበቅ አያሻም። በመተማ ገበያ ዓረብኛ እንግዳ ቋንቋ አይደለምና ተርጓሚው ሩቅ አይደለም። የመተማ አዋላጅም ከውጭ ለመጣ ተመራማሪ ቅጽ የምትሞላ ብቻ ሳትሆን፣ መድኃኒቱ በስንት ቀን ሙቀት እንደሚደክም ራሷ መዝግባ ጥያቄውን የምታቀርብ ልትሆን ይገባል።