ጫካው የፈረንጅ ብቻ ነው ያለው ማነው?

«ፍሪዝቢ ለውሻ ነው!» ይህችን አባባል ኦክላንድና ሳንሆዜ ካሉ የሀበሻ ልጆች አፍ ያልሰማ እጁን ያውጣ። ዲስክ ጎልፍ እንጫወት ብላችሁ የጋበዛችሁት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «ሥራ የፈታ ፈረንጅ ጨዋታ» ይላል፤ በመጨረሻም በየወሩ እየከፈለ ስለማይሄድበት ጂም ያወራላችኋል። ዛሬ ጠቤ ከዚህ ሰው ጋር ነው።

ለማያውቀው በአጭሩ… ጎልፍ ነው፣ ኳስና ዱላ የለውም። ከመነሻው ዲስክ ትወረውራላችሁ፣ ካረፈበት እንደገና ትወረውራላችሁ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ እስኪገባ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው ኤድ ሄድሪክ ነው፤ ቦታውም በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ያለው ኦክ ግሮቭ የሚባል የሕዝብ ፓርክ። በሰንሰለት የሚይዘውን ቅርጫትም ያመጣው እሱ ነው። ሰውዬው በ2002 ሲሞት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠርቶበታል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ለውሻ ብሎ ነው?

የሚስቀውን ሰው አንድ ቀን ብቻ ዛፍ የበዛበት ኮረብታማ ሜዳ ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ጫካ ጉልበተኛ አይወድም። ባዶ ሜዳ ላይ ክንዱ የጠነከረ ያሸንፍ ይሆናል፤ ዛፎች መሐል ግን በኃይል የተወረወረው ዲስክ የመጀመሪያው ግንድ ላይ «ጧ!» ብሎ እግራችሁ ሥር ይመለሳል። አጠገባችሁ ያለችው ልጅ ደግሞ አጭርና ቀጥ ያለ ውርወራ ሦስቴ ወርውራ ትጨርሳለች። ቁልቁለት ላይ መሬቱ ከሥሩ ስለሚሸሽ ዲስኩ አየር ላይ ይቆያል፤ ትንሿ ስሕተት ትሰፋለች። ዳገት ላይ ቶሎ ይደክማል፣ ቶሎ ይታጠፋል። ቅርጫቱ ተዳፋት ላይ ከተተከለ ደግሞ ጉድ ነው፤ ለጥቂት የሳታችሁት ዲስክ በጠርዙ ቆሞ እንደ ጎማ ቁልቁል ይንከባለላል፣ እናንተም ከኋላው። ይህ ጭንቅላት አይፈልግም የሚለኝ ካለ ይምጣ።

«የኛ አይደለም» የሚለው ክርክር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ሳንፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ፓርክ ውስጥ 18 ቅርጫት ያለው የዲስክ ጎልፍ ሜዳ አለ። ነጻ ነው። ፓርኩ ከ1870ዎቹ በፊት አብዛኛው የአሸዋ ክምር ነበር፤ አሸዋውን እንዲይዙ በብዛት ከተተከሉት ዛፎች አንዱ ምን ይመስላችኋል? ባሕር ዛፍ! ከአውስትራሊያ የመጣው፣ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት የደረሰላት ያው ባሕር ዛፍ። ዝናብ ሲያባራ ሽታው እንጦጦ ነው። እንግዲህ ዛፉ ራሱ ስደተኛ ሆኖ ሥር ሰዶ፣ እኛ ግብር የምንከፍል ሰዎች «የፈረንጅ ቦታ ነው» ብለን መኪና ውስጥ እንቀመጣለን።

እዚያው ፓርክ ውስጥ እውነተኛው ጎልፍም አለ፤ እሱ ያስከፍላል። ጎልፍ ውሃ የሚጠጣና በየጊዜው የሚታጨድ ሣር ይፈልጋል፤ ባለ 18 ቀዳዳ ሙሉ ሜዳ ከመቶ ኤከር በላይ ይወስዳል። ዲስክ ጎልፍ ግን ዛፉ መሐል፣ ሌላ ሰው በማይፈልገው ተዳፋት ላይ ይገባል። ለጀማሪ የሚሆን አንድ ዲስክ ከሃያ ዶላር በታች ነው። ይሄን የሀብታም ጨዋታ የሚለው ሰው ሂሳብ ይማር።

«ጊዜ የለኝም፣ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው» ለሚለው ግን አልስቅም። እውነቱን ነው። ነገር ግን ዘጠኝ ቅርጫት አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ቡና ቤት «አንድ ማኪያቶ ብቻ» ብለን የምንቀመጠው ስንት ሰዓት ነው? ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የዋለ ሰው ጀርባ ከሁሉም በላይ ዳገት ያስፈልገዋል። ስኳሩና ደም ግፊቱ በየቤታችን መግባቱን ለማወቅ ለቅሶ ቤት ሄዶ ወሬ መስማት ይበቃል።

ጨዋታው ዛፍ ይጎዳል የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። ዲስክ ልጥ ይልጣል፣ የብዙ ሰው እግር አፈሩን ያጠነክረዋል፣ ተዳፋቱም በዝናብ ይሸረሸራል። መድኃኒቱ ይታወቃል፦ ቅርጫቱን ከቦታ ቦታ ማዛወር፣ መሬት ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ማንጠፍ፣ የደከመውን ቦታ አጥሮ ማሳረፍ፣ አዲስ ዛፍ መትከል። ይህን ማነው የሚሠራው? በየሜዳው አካፋ ይዘው የሚወጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የሳንፍራንሲስኮውንም የሚንከባከቡት የራሱ ተጫዋቾች ናቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሕዝብ መሬት «የሕዝብ» የሚሆነው በወረቀት ሳይሆን በእግር ነው። ከተማው ስብሰባ ጠርቶ ይህ ጫካ ምን ይሁን፣ ይከፈልበት ወይስ ነጻ ይቅር ብሎ ሲጠይቅ የሚሰማው የመጣውን ሰው ነው። እኛ ለዕድርና ለሠርግ አዳራሽ የምንሞላ ሰዎች እዚያ አንገኝም። ከዚያ ተወስኖ ሲያልቅ «አይ ይሄ አገር፣ ለኛ ቦታ የለውም» እንላለን። ቦታ ነበረው። ባዶውን የተውነው እኛ ነን።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ጂሙን የዚህን ወር ተወውና አንድ ዲስክ ግዛ። ታናሽ እህትህን አስከትል፤ ታሸንፍሃለች፣ ግንድ ስትመታ የሚያይህ ባሕር ዛፉ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ የአገርህ ልጅ ስለሆነ ለማንም አይናገርም።