የጨው ቤትና የኛ አሮጌ ቤት

ዛሬ ሐሳቤን የምጽፈው ስለ አሮጌ ቤት ነው። «ስለ አሮጌ ቤት ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ተከራከሩኝ።

ባለፈው የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራችን ስለ አፋር ክልል ሲያስተምሩን ስለ ዳሎል ነገሩን። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ሲለካ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። አማካይ ነው ያልኩት፤ ሌሊቱም ቀዝቃዛው ወርም ተደምሮ ማለት ነው! እኛ ዳሞታ ተራራ ሥር ሆነን ጠዋት ለሰልፍ ስንቆም በብርድ እንንቀጠቀጣለን።

እዚያ ቦታ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ፖታሽ ማውጣት ጀምረው ነበር። ፖታሽ የጨው ዓይነት ሲሆን ለማዳበሪያ ያገለግላል። ያወጡትን ወደ ቀይ ባሕር ለማድረስ ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ወደ ዳሎል አቅጣጫ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። በኋላም የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ እዚያው ፖታሽ ፈልጓል። ታዲያ በዚያ በረሃ ለቤት የሚሆን እንጨት የለም፣ ጭቃም የለም። ቤቱን በምን ሠሩት? በጨው! ጨውን እንደ ብሎኬት ጠርበው ግድግዳ አደረጉት። ዛሬ ኩባንያውም ሠራተኛውም የሉም። ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

መምህራችን ፎቶውን በስልካቸው ሲያሳዩን፣ «ቲቸር፣ የኃላፊው ቢሮ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ግድግዳ ስሙን አይናገርም፤ የሚናገርለት ሰው ነው» አሉኝ።

ማታ ይህን ለአያቴ ነገርኳት። እሷም «ጨው ቤት ብቻ አይደለም፣ ድሮ ገንዘብም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከአፋር በረሃ እየተጠረበ በግመል የሚመጣው አሞሌ ለብዙ መቶ ዓመታት በአገራችን እንደ ብር ይገበያዩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝም ይህን ጽፏል። አያቴ እንዳለችኝ እናቷ አሞሌውን እርጥበት እንዳያሟሟው ከምድጃው በላይ ጭስ ያለበት ታስቀምጠው ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። የዳሎል የጨው ቤት እስከ ዛሬ የቆየው እዚያ ዝናብ እምብዛም ስለማይዘንብ ነው። ሶዶ ቢሆን አንድ ክረምት አይችልም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ከቤተ መጻሕፍታችን ጀርባ ያለውን አሮጌ የጭቃ ቤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተሰበረ ዴስክ የሚቀመጥበት ነው። በክረምቱ ፈርሶ አዲስ መማሪያ ክፍል ይሠራበታል ተብሏል። እናቴ «1ኛ ክፍል የተማርኩት እዚያ ነው» ትላለች። አንድ መምህር ደግሞ የርዕሰ መምህር ቢሮ እንደነበር ነገሩኝ። ማን ልክ ነው? በደንብ የሚያውቁት የድሮው ዘበኛችን ነበሩ። ልጠይቃቸው አስቤ «ከፈተና በኋላ» ብዬ አቆየሁት። ባለፈው ጥር አረፉ። እኔ ለቅሶ ሄጄ ያለቀስኩት ለእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ስላልጠየቅኳቸውም ነው።

ቤቱ አይፍረስ እያልኩ አይደለም። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነን ነው የምንቀመጠው፤ ክፍል ያስፈልገናል። ጓደኛዬም «ታሪክ እኮ ለፋሲል ግንብና ለላሊበላ ነው፤ የጭቃ ቤት ምን ታሪክ አለው?» ይለኛል። በዚህ ግን አልስማማም። ሶዶ ውስጥ ትልልቆቹን «ዋዱ» ብትሏቸው በ1960ዎቹ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ምርጥ ዘሩ፣ ስለ ብድሩ ይነግሯችኋል። ዋዱ ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ የወላይታን ገበሬ የሚያግዝ የእርሻ ልማት ሥራ ነበር። ግን የስንቱን ቤተሰብ ኑሮ ነካ! ቢሮም ቢሆን፣ መጋዘንም ቢሆን፣ ሰው የሠራበት ቦታ ሁሉ ታሪክ አለው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ክበባችን ፎቶ ያንሳው፤ በሩን፣ መስኮቱንና ግድግዳው ላይ የተጻፈውንም ጭምር። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ወላጅ ወይም አያት እንጠይቅ፦ ቤቱ መቼ ተሠራ? ማን ሠራው? ውስጡ ምን ይሠራበት ነበር? የተለያየ መልስ ብናገኝም ሁሉንም እንጻፍ። ሦስተኛ፣ አዲሱ ክፍል ሲያልቅ «እዚህ ቦታ ላይ ይህ ነበር» የሚል ሰሌዳ ይሰቀልበት። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደብተርና እስክርቢቶ ይበቃል።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ቤት ግን ራሱ መጣፈጥ አይችልም። እኛ ካላወራንለት ድንጋይ ነው፣ ጭቃ ነው ተብሎ ይጣላል።

ዛሬ ማታ አያቶቻችሁን ጠይቁ። «ከፈተና በኋላ» አትበሉ።


ከ7ኛ «ሐ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል