የኤክስቴንሽን ኢኮኖሚስት፦ በዩኒቨርሲቲ ቦታ ያላገኘ ሙያ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀጠር የግብርና ኢኮኖሚክስ ምሁር የሚመዘነው በዋናነት በማስተማርና በምርምር ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎት ሦስተኛው ተልዕኮ ተብሎ ቢደነገግም፣ ገበሬው ዘንድ ደርሶ የወጪና የገቢ ስሌትን ማስረዳት ከተረፈ ጊዜ ላይ የሚሰጥ በጎ ፈቃድ መስሎ ይታያል። ይህ ሥራ ግን ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ሙያ ሊሆን ይገባል።

በአሜሪካ ሙያው የቆመው በሕግ መሠረት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ1862ቱ የሞሪል ሕግ ለግብርና ኮሌጆች፣ የ1887ቱ የሃች ሕግ ለምርምር ጣቢያዎች፣ የ1914ቱ የስሚዝ-ሊቨር ሕግ ደግሞ ለኤክስቴንሽን አገልግሎት መሠረት ጣሉ። በዚህ ሥርዓት የኤክስቴንሽን ኢኮኖሚስቱ የትምህርት ክፍሉ ሙሉ አባል ሲሆን፣ የሥራ ጊዜው ለኤክስቴንሽን፣ ለማስተማርና ለምርምር በግልጽ ይከፋፈላል። የምርት ወጪ በጀት ያዘጋጃል፤ የገበያን አዝማሚያ ይተነትናል፤ በየአውራጃው ያሉ የግብርና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ከገበሬው የሰማውን ጥያቄም ወደ አግሪቢዝነስ መማሪያ ክፍል ይዞ ይመለሳል።

የሥራው ጠቀሜታ በቀላል ምሳሌ ይታያል። አንድ ገበሬ በመኸር 3,000 ብር የሚያወጣለትን አንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋ እስኪጨምር ያከማች እንበል። ለጆንያና ለማከማቻ 150 ብር ቢያወጣ፣ ከምርቱም 10 በመቶው በነቀዝ ቢበላ፣ እንዳይከስር ብቻ በኩንታል 3,500 ብር መሸጥ ይኖርበታል። የብድር ወለድ ካለበት ዋጋው ከዚህም ይበልጣል። ዋጋው 3,300 ብር ሲደርስ ያተረፈ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ከስሯል። ይህን ስሌት ለመሥራት የተወሳሰበ ሞዴል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በገበሬው ቋንቋና መለኪያ የሚያስረዳ ሰው ነው።

አሠራሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኦክላሆማው የግብርና ኮሌጅ ድጋፍ ሲመሠረት፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የኤክስቴንሽን ኃላፊነት ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። አንድ ኮሌጅ መላ አገሪቱን ሊያዳርስ ስለማይችል ዝውውሩ ምክንያታዊ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ከአገልግሎቱ ጋር የኤክስቴንሽን ምሁርነት ከዩኒቨርሲቲ መራቁ ጉዳት አለው።

በየቀበሌው የልማት ሠራተኞች እያሉ ይህ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የልማት ሠራተኛው ሥልጠና በአብዛኛው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ላይ ያተኮረ ነው። ምርት እንዴት እንደሚጨምር ይመክራል፤ የተጨመረው ምርት ያዋጣ እንደሆነ የሚያሰላለት ግን ከጀርባው የለም። ኢኮኖሚስቱ የልማት ሠራተኛውን ይደግፈዋል እንጂ አይተካውም።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ርምጃዎችን ሊወስዱ ይችላሉ። አንደኛ፣ የሥራ ጊዜው በደብዳቤ የተከፋፈለ የኤክስቴንሽን ኢኮኖሚስት መደብ መክፈት፤ ሁለተኛ፣ በባለሙያ የተገመገሙ የኤክስቴንሽን መመሪያዎችን ለማዕረግ ዕድገት እንደ ሥራ መቁጠር፤ ሦስተኛ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጥናቱን ውጤት መረጃ በሰጡት ገበሬዎች ቋንቋ አዘጋጅቶ እንዲመልስላቸው ማድረግ ናቸው። ከሦስቱ የመጨረሻው አዲስ በጀት ሳይጠብቅ ሊጀመር ይችላል። ለመጠይቅ ግማሽ ቀን ከእርሻው የተነሣ ገበሬ፣ ቢያንስ መልሱን የማወቅ መብት አለው።